አቤት ያላለው ጃርት

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ካልሲው የረጠበበትም አውልቆ ይቅረብ። ካልሲ ያልኩት በከንቱ አይደለም፣ ተረቴ የምትጀምረው ከእሱ ነው።

ዱሮ፣ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ በሚውልበት አገር፣ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። ክረምት ነውና ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ደጁ ጭቃ ነው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ «ጭቃ ይዘሽብኝ ትገቢና ዋ!» ብላታለች። ታዲያ አንጓች ምን ታድርግ? ቤት ውስጥ የወዳደቀውን ሁሉ መልቀም ያዘች።

ባዶ የወተት ጣሳ አገኘች። ከካርቶን ሰፋፊ ጆሮዎች ቆርጣ ለጠፈችበት፤ ከአሮጌ የውሃ ጎማ ኩምቢ አበጀችለትና «አንተ ዝሆን ነህ» አለችው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አገኘች። በከረሜላ ወረቀት ቅርፊት አለበሰቻትና «አንቺ አሳ ነሽ» አለቻት። በመጨረሻ ጓደኛው የጠፋበት፣ ተረከዙ የተቀደደ ቡናማ ካልሲ አገኘች። ሆዱን በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞላች፣ ቀዳዳውን ሰፋች፣ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ዓይን አደረገችለት። ከዚያ ከቤቱ መጥረጊያ ላይ ስንጥር እየመዘዘች፣ ጫፉን በመቀስ እያሾለች ጀርባው ላይ ሰካችና «አንተ ደግሞ ጃርት ነህ። ማንም እንዳይነካህ» አለችው።

ጃርት ይህን ስም ወደደው። ዕድሜውን ሁሉ ጫማ ውስጥ ሲረገጥ፣ ቀጥሎም መሳቢያ ውስጥ ተጨብጦ ሲረሳ የኖረ ነው፤ ስም አውጥቶለት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መስኮቱ ደፍ ላይ ከዝሆኑና ከአሳዋ ጎን ተቀመጠና ዝናቡን እንደ ባለቤት ማየት ጀመረ።

የቤቱ ዕቃ ግን ደስ አላለውም። መጀመሪያ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ገርበብ አለና ተጣራ።

«አንተ ካልሲ፣ ና ግባ። ቦታህ እዚህ ነው።»

«ካልሲ ነበርኩ። አሁን ጃርት ነኝ።»

«ቀዳዳህን ስለሰፉልህ ካልሲነትህ የሚቀር መሰለህ?»

«አዎ፣ መሰለኝ» አለ ጃርት። ንቅንቅም አላለ።

መሳቢያው ተናዶ ተዘጋ። በማግስቱ መጥረጊያው ከጥጉ ተነሥቶ መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ግማሹ አልቋል፤ ነገረኛነቱ ግን አላለቀም።

«አንተ ሌባ፣ የለበስከው የእኔን ስንጥር ነው። መልስ!»

«ጋሽ መጥረጊያ፣ ስንጥሩ የእርስዎ ነበር። አሁን እሾኬ ነው።»

«ልንቀልልህ እንዴ?»

«ይሞክሩ።»

መጥረጊያው ሞከረ። በገዛ ስንጥሩ ተወጋና እያጉረመረመ ወደ ጥጉ ተመለሰ። እኔ ብሆን አፍሬ ዓመት አልናገርም ነበር፤ እሱ ግን እስከ ማታ ሲሳደብ ዋለ።

ሦስተኛው ጠላት ከውጪ መጣ። ጳጉሜ ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለአዲስ ዓመት ቤት ማጽዳት ጀመረች። «አሮጌ ነገር ታቅፌ አዲስ ዓመት አልቀበልም» የምትል ሴት ናት። አንጓችን አክስቷ ቤት ልካታለች። በዚህ መሃል ከመንገዱ ድምፅ ተሰማ።

«ቆራሌው! ጣሳ ያለው፣ ፕላስቲክ ያለው፣ ያረጀ ጨርቅ ያለው!»

«ና ወንድሜ፣ ግባ» አለች ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ይሄን የመስኮት ላይ ኮተት ሁሉ ትወስድልኛለህ። ቆይ ጠርሙሶቹንም ከጓዳ ላምጣ።»

ቆራሌው ማዳበሪያውን አፉን እንደ ከፈተ በሩ ሥር አስቀመጠና ደጅ ያቆመውን ጋሪ ሊያይ ወጣ።

ይህ ማዳበሪያ ተንኮለኛ ነበር። ማንንም ጎትቶ አያስገባም፤ ይጠራል እንጂ። አቤት ያለው በራሱ እግር ይገባለታል። የዚያ ቤት ዕቃ ደግሞ ጨዋ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንጓችን ጠዋት ማታ «ሲጠሩሽ አቤት በይ» እያለች ስትገሥጽ፣ ዝሆኑም አሳዋም ጃርቱም ሰምተው ተምረዋል።

«ጣሳ!» ብሎ ተጣራ ማዳበሪያው።

«አቤት» አለ ዝሆኑ፣ ሳያስበው።

«አቤት ካልክማ ና ግባ።»

ዝሆኑ ከመስኮቱ ወረደና ቋ፣ ቋ እያለ ተንከባሎ ገባ።

«ፕላስቲክ!»

«አቤት» አለች አሳዋ። እሷም ገባች።

«ካልሲ!»

«አቤት» የምትለው ቃል የጃርት ከንፈር ላይ ደርሳ ነበር። መልሶ ዋጣት።

«ጨርቅ!»

ዝም።

«ስንጥር!»

ዝም።

«አንተ ባለጌ፣ ሲጠሩህ አቤት አትልም?»

«በስሜ ጥራኝና እላለሁ።»

«ስምህ ማን ነው?»

«ጃርት።»

ማዳበሪያው እየተንቋቋ ሳቀ። «እኔ ዘንድ ጃርት የሚባል የለም። ጣሳ አለ፣ ፕላስቲክ አለ፣ ጨርቅ አለ። የማንም ልጅ ጆሮ ለጠፈችባችሁ ብዬ የማላውቃችሁ መሰላችሁ? ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

«እኔ አልመለስም» አለ ጃርት።

ዝም ብሎ መስኮቱ ላይ ቢቀመጥ ማዳበሪያው አይነካውም ነበር። ግን ከጨለማው ውስጥ የዝሆኑ ጎማ ኩምቢ ሲያንኳኳ ሰማ። ፈርቷል። ንዴቱ ግን ከፍርሃቱ በለጠና ዘሎ ወረደ። ማዳበሪያው አፍ ላይ ቆመና በኃይል ተጣራ።

«ዝሆን!»

ኩምቢው ማንኳኳቱን አቆመ።

«ዝሆን፣ አንተን እኮ ነው! አንጓች ማን ብላ ነው የጠራችህ?»

«አቤት» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። አንድ ጆሮው የታጠፈ ዝሆን ተንከባሎ ወጣ።

«አሳ!»

«አቤት!» አለች እሷ፣ ሁለተኛ ሳትጠራ። ቅርፊቷ ተጨማዶ፣ እያንሿሿች ወጣች።

«ተመለሱ!» አለ ማዳበሪያው። «ጣሳ! ፕላስቲክ! ካልሲ!»

ሦስቱም ጎን ለጎን ቆመው ዝም አሉት።

ይኼኔ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠርሙሶቿን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። «ደግሞ ይሄን ማን መሬት ላይ በተነው?» አለችና ጠርሙሶቹን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። እጇ መጀመሪያ ያገኘው ጃርትን ነው። አንሥታ ወደ ማዳበሪያው ልትወረውረው ስትል፣ ጃርት ያለ የሌለ እሾኩን አቆመ።

«ውይ! ይሄ ጃርት ወጋኝ» አለች።

 መሳቢያው ሰማ፣ መጥረጊያው ሰማ፣ ማዳበሪያውም ሰማ።

«አቤት» አለ ጃርት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትስማው አትስማው አላውቅም። ጣቷን እየመጠጠች ግን አተኩራ አየችው። የሸሚዝ ቁልፎቹን አየች፤ የልጇን ጠማማ ስፌት አየች። ቆራሌው ተመልሶ ገባ።

«ምን ምኑን ልውሰድ እትዬ?»

«ጠርሙሶቹን ውሰድ።»

«ያንን የመስኮቱንስ ኮተት?»

«የቱን? ዝሆኑን፣ አሳዋንና ጃርቱን ነው? እነሱ የልጄ ናቸው» አለች።

ቆራሌው አያቸውና ሳቀ። «እኔም ዝሆን የምሸከምበት ትከሻ የለኝም» አለ። ማዳበሪያውን አንጠልጥሎ ወጣ።

እሷም ሦስቱን መስኮቱ ደፍ ላይ መልሳ ደረደረች፤ የዝሆኑንም ጆሮ በጣቷ አቃናችለት። ከዚያ ዞር ብላ መጥረጊያውን አየችው። «ይሄ ግን አልቋል፣ ነገ ማገዶ ይሆናል» አለችና በሩ ሥር ጣለችው።

መጥረጊያው ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። «ጃርት፣ ልጄ፣ ማገዶ ብለው ሲጠሩኝ ምን ልበል?»

ጃርት ሌባ መባሉን አልረሳም። ትንሽ አስጠበቀው።

«አንጓች እስክትመጣ ዝም ይበሉ፣ ጋሽ መጥረጊያ» አለ። «አንበሳ ልትሠራ ጀምራለች፤ ጎፈር ጎድሏታል።»

እናንተም ልጆቼ፣ ሲጠሯችሁ አቤት በሉ፤ የጨዋ ልጅ አቤት ይላል። ማዳበሪያ ውስጥ ሊያስገባችሁ በትናንት ስማችሁ ለሚጠራችሁ ግን አፋችሁን ዝጉበት፣ የዛሬውን እስኪማር። የእኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀች። አሁን ተነሡና ያቺን የተቀደደች ካልሲያችሁን ፈልጉ።