ሁለት ብርሌ ጠጅ

ምላሱ የማያርፍ አንድ ሸማኔ ነበር። አንድ ቀን በገበያ መካከል «በመሐለቅ የሚሸጠው የእትዬ ዘርፌ ጠጅ ከፊታውራሪ ደምመላሽ ጠጅ ይበልጣል» ብሎ ተናገረ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ፊታውራሪ ጆሮ ደረሰ።

ፊታውራሪ ደግሞ በጠጃቸው የመጣባቸውን ሰው አይምሩም። ግብር ያበሉ ዕለት ሸማኔውን አስጠርተው በተጋባዦቹ ፊት አቆሙት።

«ሁለት ብርሌ ይቀርብልሃል። አንዱ የእኔ ጠጅ ነው፤ ሌላው ከዚያች ሴትዮ ቤት የተገዛ ነው። የእኔን ካልለየህ ሳታውቅ የምትቀባጥር ነህና አርባ ጅራፍ ትቀምሳለህ» አሉት።

አሳላፊው ሁለቱን ብርሌዎች ይዞ ቀረበ። እንደ ደንቡም ከእያንዳንዱ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ሸማኔው ፊት አስቀመጣቸው። ሸማኔው አንዱንም ሳይነካ በግራ በኩል ያለውን አመለከተ።

«የጌታዬ ይኼ ነው።»

አሳላፊው ልክ መሆኑን ሲናገር ፊታውራሪ ፊታቸው በራ። ወደ ተጋባዦቹ ዞረውም «አያችሁ! የእኔ ጠጅ ሳይቀመስ እንኳ ይታወቃል!» አሉ። «በል ንገራቸው፣ በምን ለየኸው? በቀለሙ ነው በመዓዛው?»

«በአሳላፊው ነው ጌታዬ» አለ ሸማኔው። «ያኛውን ሲቀምስ መዳፉን ላሰ። ይኼኛውን ሲቀምስ ግን መዳፉን በሱሪው ጠረገና፣ ጌታዬ አይተውት እንደሆነ ለማወቅ ወደ እርስዎ ሰረቅ አድርጎ አየ።»