የእመት ጦጣ መሐላ

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ። እናንተም ትልልቆቹ፣ ወሬያችሁን ተዉና ስሙ፤ ለልጆች ብቻ የሚነገር አይደለም።

ድሮ ነው፣ ያውም የድሮ ድሮ። ለኔ የነገሩኝ ሰዎች እንኳ ስሙን የማያውቁት አንድ ቆላ አገር ነበር። ድንጋዩ እግር ይጠብሳል። ዝናብ በዓመት አንዴ ጠብ ካለ እልል ይባላል። ወንዝ አለ ይባላል እንጂ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው።

ታዲያ ፍጥረት እንዴት ኖረ አትሉኝም? እማማ ዝሆን በእግሯ ቆፍራ፣ በኩምቢዋ ዝቃ፣ ከአሸዋው ሥር ውሃ አወጣችላቸው። አርጅታ ልትሞት ስትል አራዊቱን ሰብስባ እንዲህ አለች፦ «ይህን ጉድጓድ ነፋስ በየቀኑ ሊቀብረው ይመጣል። ስለዚህ የጠጣ ሁሉ ይዛቅ። ሦስት ለራስህ፣ ሦስት ለሚከተልህ።» ይህን ብላ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ከርከሮ በአፍንጫዋ፣ ድኩላ በሰኮናው፣ ቆቅም በጥፍሯ እየጫረች፣ ሁሉም እንዳቅሙ ሦስት ዝቆ ይጠጣል፣ ሦስት ዝቆ ይሄዳል። ሦስት ለራስህ፣ ሦስት ለሚከተልህ። የማትዝቀው እመት ጦጣ ብቻ ነበረች። «እጄ ትንሽ ናት፣ ልጅም ታቅፌያለሁ» ትላለች። እነሱም የአራስ ነገር ነው ብለው ተዉአት።

አንድ ዓመት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። ውሃው ወደ ታች ሸሸ። እመት ጦጣ ግራር ላይ ተቀምጣ የሚጠጡትን ትቆጥራለች። ልጇ ጡቷን ይስባል፣ ምንም የለም፣ ያለቅሳል።

«ይሄ ሁሉ ጉሮሮ! እነዚህ ሲጨርሱት የኔ ልጅ ምን ሊውጠው ነው?» አለች።

ክፉ ሆና አይደለም ልጆቼ፣ ፈርታ ነው። ግን ፍርሃትና ክፋት ጎረቤታሞች ናቸው፤ እሳት ይጫጫራሉ።

ወርዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። «ኡኡ! ውሃው ተመርዟል! እባብ ሞቶበታል፣ በዓይኔ አየሁ!»

እትዬ ከርከሮ ሁለት ልጆቿን አስከትላ እየመጣች ነበር። ክው አለች። «እመት ጦጣ፣ እውነትሽን ንገሪኝ። ይህን ትቼ በዚህ ሐሩር ልጆቼን የት አደርሳለሁ?»

«ከተራራው ማዶ ምንጭ አለ ይላሉ።»

«ማይልኝ።»

እመት ጦጣ ልጇን አየችው። «ከዋሸሁ ልጄን ይንሳኝ!» ብላ ማለች።

በልጅ የተማለ ይታመናል። እትዬ ከርከሮ ልጆቿን ነድታ ሄደች፤ ድኩላም ቆቅም ተከተሏት።

እመት ጦጣ አንድ ቀን ጠጣች፣ ሁለት ቀን ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነፋሱ ተነሣ። ብትወርድ ጉድጓዱ ግማሹ የለም። በእጇ ዛቀች። ሦስት ስትዝቅ ስድስት ይገባል። ስድስት ስትዝቅ አሥራ ሁለት ይገባል። ጥፍሯ ደማ። የስንቱን ጉሮሮ ቆጥራ የማንንም እጅ እንዳልቆጠረች ያን ጊዜ ገባት። ልጇም ማልቀሱን ተወ። የሚያለቅስ ልጅ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

ግራሩ ጫፍ ወጥታ ጮኸች። «ዋሽቻለሁ! ውሃው ደህና ነበር! ኑልኝ!» ጩኸቷን ነፋሱ ወሰደው። ልጇን ታቅፋ ዱካቸውን ተከትላ ሮጠች።

እትዬ ከርከሮን ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አገኘቻት። ድኩላና ቆቅም ደክመው አጠገቧ ተኝተዋል። ምንጭ የሚባል ነገር አጥተው እየተመለሱ ነበር። ሁለት ልጆች ይዛ የሄደችው አንድ ቀርቷታል።

እመት ጦጣ ከእግሯ ሥር ወደቀች። «እትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ጉድጓዱን አሸዋ በላው። ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

እትዬ ከርከሮ የቀረላትን ልጅ ወደ ጎኗ ሳበች። ከዚያ «በልጅሽ ማልሽ፤ የተወሰደው ግን የኔ ልጅ ሆነ» አለች።

እመት ጦጣ አንገቷን ደፋች።

እትዬ ከርከሮ ተነሣች። «የዋሸሽኝ አንቺ ነሽ። ይሄ ሕፃን ምን አደረገኝ? ነይ ተከተይኝ» አለችና ሌሎቹንም ቀስቅሳ መራቻቸው።

ደረሱ። እሷ በአፍንጫዋ፣ ድኩላ በሰኮናው፣ ቆቅ በጥፍሯ፣ እመት ጦጣም በደማ እጇ ዛቁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከታች እርጥብ አሸዋ፣ ቀጥሎም ውሃ ታየ። መጀመሪያ የከርከሮ ልጅ ጠጣ። ቀጥሎ የጦጣ ልጅ ጠጣ፣ ትን አለው፣ አለቀሰ። እናቱ ልቅሶውን ስትሰማ እሷም አለቀሰች። ከሁሉም በኋላ ሦስት ዛቀች፣ ጠጣች፣ ሦስት ዝቃ ወጣች።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ጦጣ ውሃ ስታይ ከዛፍ ላይ ሆና ሁሉን ትጣራለች እንጂ ቀድማ አትወርድም። ከርከሮም በዚያ ቋጥኝ ባለፈች ቁጥር ቆም ትላለች፤ ጦጣም ያን ጊዜ ፊቷን ታዞራለች።

የኔም ጉሮሮ ደረቀ፤ እንኩ ጣሳውን፣ ከኔ ወደ ጎረቤቴ አሳልፉት። የዚያ ቆላ ሰዎች ግን ይህን ይላሉ፦

ብቻዬን ልጠጣ ብሎ ያባረረ፣ አሸዋ ሲልስ ቀረ።