መርዶ ያልሰማው ሰርቨር

ተረት ተረት። የኔ ተረት በረት የለውም፤ ፎቅና ምድር ቤት ግን አለው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ አንዲት ወረቀት ፈለጉ። «አለሁ» የምትል ወረቀት። የወንድማቸው ልጅ «አጎቴ ሞቷል፣ ቤቱን ልውረስ» ብሎ ከሷል፤ ቀጠሮው ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ወረቀቷ ካልደረሰች ሰውየው በቁማቸው ተወረሱ ማለት ነው። በጠዋት ወረዳ ሄደው መዝገብ ቤት የምትሠራዋን ዝናሽን «ልጄ፣ መኖሬን ጻፊልኝ» አሏት።

«እኔማ እያየሁዎት ነው ጋሼ» አለች ዝናሽ። «ፕሪንተሩ ነው እንጂ እምቢ ያለው።»

ፕሪንተሩ አያትምም፣ ዝናሽ አትሰጥም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ አሉ፣ ግን የሉም።

ፕሪንተሩን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። «አንተ፣ ለምን አታትምም?»

«ኮምፒውተሩ ሳይልክልኝ ምኑን ላትም?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «አንተስ ለምን አትልክም?»

«አድራሻ የለኝም። ቤቱ የማይታወቅ ሰው መልእክት ይልካል? የሚያድሉትን ጠይቁልኝ።»

ኮምፒውተሩ አይልክም፣ ፕሪንተሩ አያትምም፣ ዝናሽ አትሰጥም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ አሉ፣ ግን የሉም።

«የሚያድሉት ሁለት ናቸው» አለ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ኢዮስያስ። «ታላቅና ታናሽ ሰርቨር። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሁሉ ሲነሳ ለእያንዳንዱ የአድራሻ ቁጥር ይሰጡታል። አንዱ ቢወድቅ አንዱ ይቁም ብለን ነው ሁለት ያደረግናቸው፤ ቁጥሩንም እኩል አካፍለናቸዋል። ታላቁ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል።»

«ታዲያ ታናሹ አይቆምም?»

«ቆሞ ነበር። ግማሹ ሠራተኛ በየስልኩ ወሰደበትና ድርሻው አለቀ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ፎቅ ወጥተው ታናሹን ሰርቨር ጠየቁት። «ልጄ፣ ለምን አታድልም?»

«የኔን ጨረስኩ ጋሼ። የቀረው የታላቄ ነው። ታላቄ ደግሞ ዝም አለ እንጂ ሞተ ያለኝ የለም። መርዶ ሳልሰማ የሰው ድርሻ አልነካም።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ባርኔጣቸውን አወለቁለት። «ይሄ ዕቃ ከወንድሜ ልጅ ይሻላል» አሉ።

ታናሹ አያድልም፣ ኮምፒውተሩ አይልክም፣ ፕሪንተሩ አያትምም፣ ዝናሽ አትሰጥም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ አሉ፣ ግን የሉም።

«እንግዲያው መርዶውን ንገረዋ!» አሉት ኢዮስያስን።

«ሬሳውን ሳላይ? ሞተ ብዬ ታናሹ ድርሻውን ሲያድል፣ ታላቁ ድንገት ይነሳና ያንኑ ቁጥር ለሌላ ይሰጠዋል። አንድ የቤት ቁጥር ለሁለት ቤት! ከዚያ ማን ማንን ያገኛል? ታላቁ ያለበት ምድር ቤት ወርጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ክፍሉ ደግሞ ተቆልፏል።»

«እውነትህን ነው። ሳያዩ ሞተ ሲሉ ምን እንደሚመጣ እኔን ጠይቀኝ።»

ክፍሉ አይከፈትም፣ ኢዮስያስ አያረዳም፣ ታናሹ አያድልም፣ ኮምፒውተሩ አይልክም፣ ፕሪንተሩ አያትምም፣ ዝናሽ አትሰጥም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ አሉ፣ ግን የሉም።

ቁልፉ በዋናው በር ጠባቂ በባሻ ኩምሳ እጅ ነው።

«ባሻ፣ ቁልፉን ቢሰጡን።»

«ደብዳቤ ይዛችኋል?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ዕቃ ከጠፋ ወዲህ፣ ‹የታተመና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳይመጣ ቁልፉ ከእጅዎ እንዳይወጣ› ተብያለሁ።»

«ደብዳቤውን ማን ያትመዋል?»

«ዝናሽ ናታ! በዚያ በፕሪንተሯ።»

በቃ። ፕሪንተሩ ካላተመ ደብዳቤ የለም፣ ያለ ደብዳቤ ባሻ ቁልፍ አይሰጡም፣ ያለ ቁልፍ ክፍሉ አይከፈትም፣ ኢዮስያስ አያረዳም፣ ታናሹ አያድልም፣ ኮምፒውተሩ አይልክም፣ ፕሪንተሩም አያትምም።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለ ኢዮስያስ ተስፋ ቆርጦ።

«ኖሮ ኖሮ ከመሬት እንዳትለኝ ብቻ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «እኔ ገና ነኝ።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ወረቀት አለ ካለህ አለህ፤ የለም ካለህ ደረትህን ብትደቃም የለህም። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን ነቄ ሽማግሌ ናቸው። አልጮኹም። ከባሻ ጎን አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ባሻ» አሉ። «በሰፈራችሁ መርዶ የሚናገረው ማን ነው?»

«እኔው ነኝ። ስንቱን ተናገርኩት!»

«በደብዳቤ?»

«ኧረ ምን ነካዎት! መርዶ በደብዳቤ ይነገራል? ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ፣ በእግር ሄዶ፣ ደጅ ቆሞ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ፎቅ ላይ የታላቁ ድምፅ የጠፋበት አንድ አለ። ድርሻውን አልነካም ብሎ መርዶ ይጠብቃል። ታላቁን ወርዶ ያየለት ሰው የለም።»

ባሻ ቁልፉን አገላበጡት። ጣራውን አዩ፣ የጋሽ ወንዳፍራሽን ፊት አዩ።

«ቁልፉን አልሰጥም» አሉ።

ኢዮስያስ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አልሰጥም። ከእጅዎ እንዳይወጣ ነው የተባልኩት። እግርዎ እንዳይነሳ ግን ማንም አላለኝም።» ብድግ አሉ። «ይዤው እሄዳለሁ። ተከተሉኝ።»

ባሻ ሄዱ፣ ክፍሉ ተከፈተ፣ ታላቁ መብራቱ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ተገኘ። ኢዮስያስ ድንገት እንዳይነሳ ገመዱን ነቀለ፤ ፎቅ ወጥቶ «ታላቅህ የለም፣ ድርሻው ያንተ ነው» አለው። የታናሹ መብራት ብልጭ ብልጭ፣ ብልጭ ብልጭ አለ፤ እንዲያ ነው የሚያለቅሰው ይሆናል። ከዚያ ታናሹ አደለ፣ ኮምፒውተሩ ላከ፣ ፕሪንተሩ አተመ፣ ዝናሽ ማኅተሙን ደህና አድርጋ አሳረፈች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ወረቀቷን ሁለቴ አነበቧት። «ለካ አለሁ» አሉና ሮጡ።

ስምንት ሰዓት። የወንድማቸው ልጅ ጥቁር ለብሶ አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ከችሎቱ በር ላይ አንድ ድምፅ ተጣራ፦

«የሟች የአቶ ወንዳፍራሽ ጉዳይ!»

«አቤት!» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

ተረቴን መልሱ፤ ቁልፉ ግን ባሻ ጋ ይቅር።