ቀይ ክር ያለባት ቤት

በአንድ ወቅት፣ ጣና ክረምት በመጣ ቁጥር ዳርቻውን እየጣሰ ማሳ መዋጥ በጀመረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ልጅ ያልወለደች ሴት በሐይቁ ዳር ትኖር ነበር። ባሏን ጎርፍ ወስዶባታል። ሐዘኗን ስትጨርስ ከቤት ቤት እየዞረች ውሃው በየዘመኑ እስከየት እንደደረሰ ሽማግሌዎችን ትጠይቅ ጀመር። የነገሯትን ሁሉ በአቡጀዴ ላይ ጠለፈችው፤ ሐይቁን በሰማያዊ ክር፣ ቤቶቹን በጥቁር፣ ውሃ ቀድሞ የሚደርስባቸውንና መሮጥ የማይችል ሰው ያለባቸውን ደግሞ በቀይ። መንደርተኛው ሟርተኛ አላት። እግሯ የማይታዘዝላት ዘርፌ ግን ቤቷ በቀይ መጠለፉን ስትሰማ አልተቆጣችም። ከአራስ ልጇ በቀር ማንም እንደሌላት፣ ከፍታው ላይ የሚያስጠጋት ዘመድም እንደማታውቅ ብቻ ነገረቻት።

ነሐሴ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ወንዙና ሐይቁ ተያይዘው መጡ። ሰዉ ወደ ጉብታው ሲሸሽ ታንኳዎቹን ማዕበሉ በታተናቸው፤ የዓሣ አጥማጁ የፈንታሁን ብቻ ተረፈች። ሽማግሌ አባቱን ሊያመጣ ሲነሳ አንጓች ታንኳዋን ያዘችበት።

«የአባትህ ቤት ጥቁር ነው፣ ውሃ አይደርስበትም። ዘርፌን አስቀድም።»

አመናት። ሲደርስ ውሃው ጣራዋን ሊውጥ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዘርፌ ልጅቱን በመስኮት አቀበለችው፤ እሷን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ ግድግዳው ተናደና ውሃው ወሰዳት። ሕፃኗን በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ ወደ አባቱ ቀዘፈ። ቤቱ በነበረበት ቦታ ውሃ ብቻ ነበር።

ጉብታው ላይ ሲያደርሳት ሕፃኗ በብርድ ደርቃ ድምፅ አልነበራትም። እዚያ ትሁኔ የምትባል አራስ ነበረች፤ የራሷን ልጅ ያን ዕለት ጠዋት ብርድ ገድሎባት ገና ታቅፋው ነበር። ልጇን መሬት ላይ አስተኝታ ያችኛዋን ተቀበለች። ከደረቷ ጋር አጣብቃ፣ የጡቷን ወተት ጠብ እያደረገች አፏን አራሰችው። ሲመሻሽ ሕፃኗ አለቀሰች።

ውሃው ጎድሎ ሙታን ሲቀበሩ ሽማግሌዎች ሕፃኗን ማን ያሳድጋት ብለው ሊፈርዱ ተቀመጡ። ትሁኔ ሕፃኗ የጡት ልጇ መሆኗን፣ የሌላ ሴት ጡት እንደማትይዝም ተናገረች። ፈንታሁን አንገቱን እንደደፋ፣

«አባቴን ሰጥቼ ነው ያመጣኋት» አለ።

የአንጓች ተራ ደረሰ። እሷ ባትኖር ዘርፌን የሚያስታውስ አልነበረም፤ እሷ ባትናገር ደግሞ የፈንታሁን አባት በሕይወት በኖሩ። ፈንታሁንን ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«እጄ አንዷን አድኗል፣ አንዱን ገድሏል» አለች። «ያም ሆኖ፣ ዘርፌ በምጥ ስትያዝ ልጅቱን ከእናቷ ማህፀን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ሌላም የለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ለሰሚ ተዉት። ፈንታሁን ያለቅስ ነበር፤ ትሁኔም ሕፃኗን አጥብቃ ይዛ ነበር።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፤ ያሰበቻት፣ ያወጣት፣ ወይስ ያጠባቻት? የዘርፌ ልጅ ለማን ትገባለች?