ማክሰኞ ማክሰኞ የምትተኛው እናት

አንዲት እናት ነበረች። መንታ የወለደች። ሀዋሳ ውስጥ፣ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጓሮ በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ትኖር ነበር። ዘመዶቿ ጎጃም ናቸው። እናቷ በሕይወት የሉም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ስሟ እታፈራሁ ይባላል።

መንታ ሲወለድ ሰው ምን ይላል? «ባንዴ ሁለት ሰጠሽ፤ ምን ጎደለብሽ!» ይላል። ለእሷም እንዲሁ አሏት። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ፣ ገንፎውን በላ፣ ወንዱ አባቱን መሰለ፣ የለም አያቱን ነው ብሎ ተከራከረ፣ ወጣ።

እሷን ማን አያት?

ወገኖቼ፣ አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። እስቲ እውነቱን እናውራ። የልጁን አፍንጫ አገላብጣችሁ አይታችሁ፣ የእናቱን ዓይን ሳታዩ የወጣችሁበት ቀን የለም? እኔ አለኝ። አንድ ቀንም አይደለም።

እታፈራሁ እንቅልፍ አጣች። ያፌት ሲተኛ ሶስና ትነቃለች። ሶስናን አጥብታ፣ አስገስታ፣ አስተኝታ ጎኗን ልታሳርፍ ስትል የያፌት ተራ ይደርሳል። ተማክረው የሚያደርጉት ይመስል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰዓት ያህል ሳትነቃ የተኛችበትን ቀን አታስታውስም። ለሰው ስትናገር ደግሞ ምክር ይወርድባታል። አንዷ አጥሚት ጠጪ ትላታለች። አንዷ ልጆቹ ሲተኙ አብረሽ ተኚ ትላታለች። ይህችኛዋ መንታ ወልዳ አታውቅም።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት። ልጆቹን ለአከራይዋ ትታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ማንም ወደማያውቃት ከተማ መሄድ። እዚያ ሄዳ ምን ልታደርግ? ልትተኛ። ሌላ ምንም አላማራትም። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ልጆቿን ትወዳቸዋለች። ሐሳቡን ስታባርረው ግን ዞሮ ይመጣል። አንድ ቀን ሁለት ልብሷን አጣጥፋ በትንሽ ቦርሳ ከተተችና ከበሩ ኋላ አስቀመጠች። ለማንም አልተናገረችም። «ልጆቼን ጥዬ ልሄድ ነው» ተብሎ ለማን ይነገራል? ለእናንተ ብትነግራችሁስ፣ ምን ትሏት ነበር?

የክትባት ቀን ደረሰ። ሁለቱንም ታቅፋ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሶስናን ከተበችና «አሁን ወንዱን ስጪኝ» አለቻት። እታፈራሁ ያችኑ ሶስናን መልሳ ሰጠቻት።

ነርሷ ሲስተር ምንትዋብ ትባላለች። የሕፃኗ ጭን ላይ የተለጠፈውን ጥጥ አየች፤ ቀና ብላም እናቲቱን አየች። «በጣም ደክሞሻል» አለቻት። «ማክሰኞ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ እናቶች ይሰበሰባሉ። የልባቸውን ይነጋገራሉ፤ ይቀልላቸዋል። አንቺም ነይ።»

ሄደች። ሰባት ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሰባቱም ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ዱሬቲ የምትባለው የአርሲ ሴት ናት፤ ከዓመት በፊት ልጇ ሞቶ ተወልዶባታል። ከሪማ የስልጤ ልጅ ናት፤ ጨርቅ እየሸጠች አራት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ኛቦል ከጋምቤላ ባሏን ተከትላ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ አማርኛዋ ገና ነው። የስብስቡ ደንብ አንዷ ስትናገር ሌላዋ እንዳታቋርጥ ነው። «አይዞሽ፣ ተይው፣ አታልቅሺ» ማለትም አይፈቀድም። እኛ አይዞሽ የምንለው አንዳንዴ ዝም በይ ለማለት ስለሆነ፣ ደንቡ መልካም ደንብ ነው።

ሲስተር ምንትዋብ ጭኗ ላይ መዝገብ አላት። ከተናገረች እናት ስም ትይዩ የራይት ምልክት ታደርጋለች። በወሩ መጨረሻ ለበላዮቿ ሪፖርት ታቀርብበታለች።

እንግዲህ ወሬው ከወዲያ ጥግ ጀምሮ ዞሮ ወደ እታፈራሁ ይመጣል። ገና ሦስት ሰው ሲቀረው ከሪማ ጎንበስ አለችና ያፌትን «እስቲ እኔ ልያዘው» ብላ ተቀበለቻት። ኛቦልም ምንም ሳትናገር እጇን ዘርግታ ሶስናን ወሰደች። እታፈራሁ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ከወለደች ጀምሮ ሁለቱም እጆቿ ባንድ ጊዜ ባዶ የሆኑት ያኔ ነው። የምትናገረውን በልቧ እያዘጋጀች ነበር። ስሜ እታፈራሁ ይባላል፣ መንታ አሉኝ፣ ብላ ልትጀምር።

ተራዋ ሲደርስ ታንኮራፋ ነበር።

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ደረበችላት። ተራው አልፏት ሄደ። ስትነቃ ሁሉም ወንበሩን እየደረደረ ነው። እታፈራሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ልጆቿን ተቀብላ፣ ይቅርታ ብላ፣ ሁለተኛ እዚህ አልደርስም ብላ ወጣች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እግሯ ራሱ ወሰዳት። ዛሬ እናገራለሁ ብላ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ ሄደች። ልጆቹን ተቀበሏት፤ ተኛች። በሦስተኛውም ማክሰኞ እንደዚያው። በሦስተኛው ማክሰኞ ያፌትን የያዘችው ዱሬቲ ነበረች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ሕፃን ነክታ የማታውቀው ዱሬቲ ማለት ነው። ከሪማ ልጁን ስታቀብላት ተቀበለችው፤ ስብሰባው እስኪያልቅም አልመለሰችውም።

ሲስተር ምንትዋብ መዝገቧን ስታየው የእታፈራሁ መስመር ባዶ ነው። ሦስት ማክሰኞ፣ ሦስት ባዶ ቦታ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልቧ ቅን ነው። ግን መዝገቡ ይጠብቃታል። ከበሩ ላይ ጠበቀቻትና በለሆሳስ እንዲህ አለቻት፦ «እታፈራሁ፣ እዚህ የምንመጣው ለመነጋገር እኮ ነው። ተራ የሚጠብቁ ሌሎች እናቶች አሉ። አንቺ መናገር የማይሆንልሽ ከሆነ፣ ቦታውን ለሌላ ብንሰጠው ትቀየሚኛለሽ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ሲስተር። ልክ ነሽ» አለች እታፈራሁ። አመስግናት ሄደች።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ይህች ሴት በሳምንት የምታገኘው እንቅልፍ ያ ብቻ ነበር። እሱንም በትሕትና ነጠቅናት። «ልክ ነሽ» ብላ የሄደች ሁሉ ደኅና የሄደች ይመስለናል። ስንቷ ናት «ልክ ናችሁ» ብላን ሄዳ ሳትመለስ የቀረችው? ደጋግ ሰዎች ነን፣ ክፉ ቃል አልተናገርንም፣ ግን ሰዉን ካለችው አንዲት ማረፊያ አስነስተነዋል።

አራተኛው ማክሰኞ መጣ። እታፈራሁ ልጆቹን አጠበች፣ አጠባች፣ ንጹሕ ልብስ አለበሰቻቸው። አከራይዋን «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ለአንድ አፍታ ያዩልኛል?» አለቻቸው። እሳቸውም «ምን ችግር አለው፣ ልጄ፤ ልብሴን አስጥቼ ልምጣልሽ» አሏት። ቦርሳዋን ከበሩ ኋላ አወጣች። ጉንጫቸውን አልሳመችም፤ ከሳመቻቸው እንደማትሄድ ታውቅ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እትዬ ጥሩወርቅን ትጠብቅ ጀመር።

በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴቶቹ ተቀምጠዋል። ሲስተር ምንትዋብ መዝገቧን ከፈተች። 

«ልጆቹስ?» አለች ዱሬቲ።

ሲስተር የሆነውን ነገረቻቸው። ለሌላ እናት ቦታ መስጠት ስላለባት እንደሆነም አስረዳች።

ዱሬቲ፣ «እኔ እዚህ ስምንት ማክሰኞ ተናግሬያለሁ» አለች። «አንቺም ስምንት ጊዜ ምልክት አድርገሽልኛል። ተናግሬ ስወጣ ግን ደረቴ እንደከበደው ነው። ያለፈው ማክሰኞ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ያ ልጅ ክንዴ ላይ ተኛ፤ እናቱም እኔን አምና ተኛች። ቤቴ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣፈጠኝ።»

ኛቦል አማርኛዋን እየፈለገች፣ «እኔ ንግግር አልችል» አለች። «ልጅ መያዝ እችላለሁ።»

ከሪማ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። «ቤቷ የት ነው? መዝገብሽ ላይ የለም?»

ሲስተር ምንትዋብ መዝገቡን አገላበጠች። የቤት ቁጥር ተጽፎበታል። ሦስት ወር ስትሞላው የኖረችው መዝገብ የዚያን ቀን ነው እውነተኛ ሥራ የሠራው።

እታፈራሁ በሩ ሲንኳኳ እትዬ ጥሩወርቅ መስለዋት ከፈተች። ስምንት ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ስምንተኛዋ ሲስተር ናት። አንዷ የአጥሚት ፔርሙስ ይዛለች።

«ዛሬ ስብሰባው እዚህ ነው» አለች ከሪማ።

እታፈራሁ ምን አለች መሰላችሁ? «ውይ፣ ቤቱ አልተጠረገም።» ልጆቿን ጥላ ልትጠፋ የተነሣች ሴት ቤቷ ስላልተጠረገ አፈረች። ሴቶች ስቃችኋል፤ ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

«ለማየት አይደለም የመጣነው» አለች ዱሬቲ። «አንቺ ተኚ።»

ተኛች። ከስምንት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በገዛ አልጋዋ ላይ። ልጆቹ ሲርባቸው ከሪማ ከእናታቸው ጡት ታስጠጋቸዋለች፤ እናትየው ግማሽ ነቅታ ግማሽ ተኝታ ታጠባለች፤ ሲጠግቡ ይወስዱላታል። ኛቦል ሶስናን ይዛ ማንም በማይሰማው ቋንቋ ታንጎራጉራለች። ሌሎቹ የሽንት ጨርቁን አጠቡ። እትዬ ጥሩወርቅ ልብሳቸውን አስጥተው ሲመጡ ቤቱን ሞልቶ አገኙትና እሳቸውም ተቀመጡ።

ነቅታ ተነሣች። አጥሚት ሰጧት፤ ጠጣች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ተራም ሳይደርሳት፣ «ዛሬ ልሄድ ነበር» አለች። «ልጆቹን ጥዬ።»

አንዲትም አልጮኸችም። አንዲትም አይዞሽ አላለቻትም። ከሪማ ብቻ ያፌትን እያወዛወዘች፣ «እኔም ሁለተኛዋን የወለድኩ ጊዜ እስከ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ» አለች። «ለሰው ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ሁለቱ ተያይተው ሳቁ፤ ሲስቁም እንባቸው ወረደ። ደስ የሚል እንባ ነበር።

ሲስተር ምንትዋብ፣ «ይቅር በይኝ» አለቻት። «ተናገሪ ተናገሪ ስልሽ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየነገርሽኝ ነበር።» ከዚያ እስክሪብቶዋን አወጣችና በሦስቱ ባዶ ቦታዎች ላይ «ተኛች» ብላ ጻፈች። የበላዮቿ ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

ዛሬ የዚያ ስብስብ ክፍል ጥግ ላይ ፍራሽ አለ። የመጣች እናት መጀመሪያ የምትጠየቀው «ምን ሆነሽ ነው?» ተብላ አይደለም። «ትተኛለሽ?» ተብላ ነው። የእታፈራሁ ባልም ከጅቡቲ ሲመለስ ቤቱን ሴት ሞልቶት ቢያገኝ ሰው የሞተ መስሎት ደጁ ላይ ጮኾ ነበር። ነገሩን ካስረዱት በኋላ ልጅ ታቅፎ ማስገሳት ተማረ። አሁን ሲመለስ የመጀመሪያው ሌሊት የእሱ ነው።

እንግዲህ እኔን አድምጡኝ።

ሌሊትን የፈጠረልን ማን ነው? ሰው መድከሙ የሚያሳፍር ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ፈጣሪ በየቀኑ እያጨለመ ዕረፉ ይለን ነበር? እሱ ያላፈረብንን ድካም እኛ ለምን እናፍርበታለን? እኛ ቤት የደከመ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናቀርብለት ምንድን ነው? ምክር። ቀጥሎስ? ጥያቄ። ለምን ቀረሽ፣ ለምን ከሳሽ፣ ለምን አትጸልዪም። ጸሎት መልካም ነው፤ እኔም የምኖርበት ነው። ሁለት ወር ያልተኛች ሴት ግን አሁን የምትፈልገው ልጇን የሚይዝላት ሰው ነው። ያንን ሰው እግዚአብሔር ከሰማይ የሚልክላት ይመስላችኋል? ጎረቤቷ እናንተ አይደላችሁም?

እናንተ ባሎች፣ «ሥራ ውዬ ደክሞኛል» ስትሉ እሷ የት የዋለች መስሏችሁ ነው? እናንተ ልጆቻችሁን አሳድጋችሁ የጨረሳችሁ እናቶች፣ ባዶ የሆነው ክንዳችሁ ለማን ተቀመጠ? ልጅ ያልሰጣችሁ፣ ወይም ሰጥቶ የወሰደባችሁ፣ እናንተም ብትሆኑ። ዱሬቲን አስታውሱ። የልባችሁን መናገር ያቃታችሁም አላችሁ፤ ቃል አይፈለግባችሁም። ዝም ብላችሁ እጃችሁን ዘርጉ።

የራሴንም ልናገር። ከዚህ ከመድረኩ ላይ ሆኜ ሳስተምር የሚያንቀላፋ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም ነበር። ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። አንዳንዴም ይህን ከፊቴ ያለውን የመስበኪያ ሳጥን በእጄ መታ አደርጋለሁ፤ ታውቁኛላችሁ። ማን እንደሆነች፣ ትናንት እንዴት እንዳደረች፣ ጠይቄ አላውቅም።

አሁንም፣ በሴቶች በኩል ከኋላ በሦስተኛው መደዳ፣ አንዲት እናት ተኝታለች። ልጇ ጭኗ ላይ ነው። አትዙሩባት፤ አታሳፍሯት። አጠገቧ ያለሽው እህት፣ ቀስ ብለሽ ልጁን ተቀበያት። መዝሙሩንም ዛሬ ዝቅ አድርጋችሁ ዘምሩ።