እመቤታችን የሲስተር አመተ ማርያምን አንደበት ይዛ የቆረርን ትምህርት ቤት እንዳዳነች

እናንተ የእመቤታችንን ስም ወዳችሁ የተሰበሰባችሁ ምእመናን፣ በጉራጌ አገር ቆረር በምትባል ቀበሌ፣ በኪዳነ ምሕረት ካቶሊክ ትምህርት ቤት የሆነውን ተአምር እንነግራችኋለንና ጸጥ ብላችሁ አድምጡ።

በዚያ ትምህርት ቤት ሲስተር አመተ ማርያም የምትባል መነኵሲት ርእሰ መምህርት ነበረች። እርሷም እመቤታችንን ከልጅነቷ ጀምሮ ትወድ ነበርና በየማለዳው ደወሉ ሳይደወል ወደ ጸሎት ቤት ገብታ፣ በሥዕሏ ፊት ቆማ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ታደርስ ነበር፤ ብትታመምም ዝናብ ቢዘንብም አንድ ቀን አስታጉላ አታውቅም። ሥራዋንም እንደ ጸሎቷ በትጋት ትይዝ ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን ድልድል ራሷ ታወጣለች፣ ደወሉን ራሷ ትደውላለች፣ በሩን ራሷ ከፍታ ራሷ ትዘጋለች፣ መምህራኑም ምን እንደሚያስተምሩ ራሷ ትወስናለች። ይህንም ያደረገችው ከትዕቢት አልነበረም፤ ሌላውን ማድከም ግፍ መስሏት ሸክሙን ሁሉ ለብቻዋ ልትሸከም ፈልጋ ነበር እንጂ።

ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ሄደ። ቀድሞ አራት መቶ ተማሪዎች ነበሩት፤ በዚያ ዓመት ዘጠና አንድ ብቻ ቀሩ፤ ሦስት መምህራንም ተከታትለው ለቀቁ። ከትንሣኤም በኋላ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ መጣና «እስከ ነሐሴ ድረስ ለውጥ ካልታየ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል» አለ። ሲስተር አመተ ማርያምም ደብዳቤውን ለማንም ሳታሳይ፣ በግንቦት ልደታ ዕለት ወደ ጸሎት ቤት ይዛው ገባችና በሥዕሏ እግር ሥር አኑራ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ ቤቱ ያንቺ ነው፤ እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌ አቃተኝ፤ አንቺ አድኚው» ብላ አለቀሰች።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ሳለ ጸሎት ልታስጀምር አፏን ብትከፍት ድምፅ እምቢ አላት። ጉንፋን መስሏት ትኩስ ነገር ጠጣች፤ በሦስተኛውም ቀን ወደ ሆስፒታል ሄደችና ሐኪሙ ጉሮሮዋን መርምሮ ቁስልም እብጠትም አላገኘባትም። እርሷም «ብለምን ይህ ደረሰብኝ» ብላ በልቧ አዘነች፤ የመልቀቂያ ማመልከቻም ጻፈች። ማመልከቻውን በእጇ እንደ ያዘች በቀትር ጊዜ ወደ ጸሎት ቤት ገብታ ውዳሴዋን ያለ ድምፅ በከንፈሯ ስታደርስ፣ እመቤታችን እንደ ፀሐይ በሚያበራ ልብስ ተገለጠችላትና፣ «ልጄ ሆይ፣ አድኚልኝ ብለሽ የለመንሽኝን ጀምሬልሻለሁ። እኔ አንቺን ሰማሁ፤ አንቺ ደግሞ እነርሱን ስሚ» ብላት ተሰወረች። ሲስተርም ካህኑ ዘካርያስ በቤተ መቅደስ አንደበቱ እንደ ተያዘ አስታወሰችና ማመልከቻውን ቀደደችው።

ከዚያም መምህራኑንና ወላጆችን ሁሉ ለቅዳሜ ጠዋት ጠራች፤ የሰፈሩ ሙስሊሞችም ልጆቻቸውን እዚያው ያስተምሩ ነበርና አልቀሩም። ያን የሸሸገችውን ደብዳቤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና ከሥሩ በጠመኔ፣ «ልጆቹ ለምን ሄዱ? እባካችሁ ንገሩኝ» ብላ ጻፈች፤ ሄዳም በተማሪ ወንበር ላይ ከሕዝቡ መካከል ተቀመጠች። ያን ጊዜ ወይዘሮ እንደሻሽ የምትባል የአራት ልጆች እናት ተነሣችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሲስተር፣ አይቀየሙኝ» አለች። «ልጄ ከምንጭ ውሃ ቀድታ፣ ጀሪካኑን አውርዳ እየሮጠች ነው የምትመጣው። አሥር ደቂቃ ብታረፍድ በሩን ይዘጉባታል። አራት ቀን ከበር ተመለሰች፤ በአምስተኛው ቀን ደብተሯን አስቀመጠች። ሌላ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ቤት ናት።»

ሲስተር አመተ ማርያም ስለ ሕጉ ልታስረዳ ከወንበሯ ተነሣች፤ ድምፅ ግን አልነበራትምና ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅቷንም አሰበች፤ ስሟን ታውቀው ነበር፤ ለምን እንደ ቀረች ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ወደ ሰሌዳውም ሄዳ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ጻፈች። ይህን ባዩ ጊዜ የሌሎቹም አፍ ተፈታ፤ የሒሳብ መምህሩ ሳህሌ፣ «ሰባት ዓመት አስተማርሁ፤ ምን ይሻላል ተብዬ ስጠየቅ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለ፤ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ ሽማግሌም ወንዙ ሲሞላ የማዶ ልጆች መሻገር እንደማይችሉ ተናገሩ።

ከዚያም ቀን በኋላ መምህራኑ በሳህሌ ሰብሳቢነት ድልድሉን እንደ ገና አወጡና ትምህርት ከውሃ መቅጃው ሰዓት በኋላ እንዲጀመር ሆነ፤ ሐጂ ነስሩም የማዶውን ሰው አስተባብረው ክረምቱ ሳይገባ የእንጨት ድልድይ ሠሩ። ወይዘሮ እንደሻሽና ጎረቤቶቿ የቀሩትን ልጆች ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሲስተር አብራቸው በጭቃው ትሄድ ነበር፤ በየቤቱም ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አንዳንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ስሕተት ይመስላትና ልታርማቸው እስክሪብቶ ታነሣለች፤ ጥቂት ትጠብቅና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ነሐሴ ዐሥራ አምስት ቀን አባ ወልደ ጴጥሮስ የተባሉ የሀገረ ስብከቱ መልእክተኛ መጡና መዝገቡን ቢያዩ ሁለት መቶ ስድሳ ልጆች ተመዝግበው አገኙ፤ ደስም አላቸው። ነገር ግን ሲስተርን ባነጋገሯት ጊዜ በወረቀት ስለ መለሰችላቸው፣ «ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፤ ግን መናገር የማትችል እንዴት ትመራለች? ለመስከረም ሌላ ሰው እንልካለን» አሉ።

በዚያ የነበረው መምህር ሳህሌም፣ «አባ፣ ሲስተር ይናገሩ በነበረ ጊዜ እኔ ልለቅ ሌላ ሥራ እየፈለግሁ ነበር» አለ። «የቀረሁት እርሳቸው መስማት ከጀመሩ ወዲህ ነው። እርሳቸውን የሚያነሡ ከሆነ ከማን ጋር እንሠራለን?» ወይዘሮ እንደሻሽም ሐጂ ነስሩም ከጎኑ ቆሙ፤ መልእክተኛውም «ነገ እንነጋገራለን» ብለው ዐደሩ።

በማግሥቱ የእመቤታችን የፍልሰታዋ በዓል ነበርና ከቅዳሴው በኋላ ምእመናኑ «ሰላም ለኪ» እያሉ ሲዘምሩ፣ ሲስተር እንደ ልማዷ ያለ ድምፅ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። በዚያን ጊዜ የሻከረ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ፤ አጠገቧ የቆመችው ወይዘሮ እንደሻሽ ዘወር ብላ አየቻት። ሲስተርም ዝማሬውን ሳታቋርጥ እንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው አደረሰች፤ ሕዝቡም ነገሩን ባወቀ ጊዜ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሁሉም ለእግዚአብሔር ምስጋና አቀረበ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው መምህራኑና ወላጆቹ በተሰበሰቡበት አባ ወልደ ጴጥሮስ፣ «እንግዲህ አንደበትሽ ተፈትቷል፤ በትናንቱ ነገር ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ሁሉም ቃሏን ይጠብቅ ነበር። እርሷም ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለቻቸው።

አባም ይህን በሰሙ ጊዜ ሲስተር በሥራዋ እንድትቀጥል ጻፉና ሄዱ።

ለባሪያዋ የሚሰማ ጆሮ የሰጠች እመቤታችን፣ ይህን ተአምር ያነበበውን፣ የሰማውንና ለልጆቹ የተረከውን ሁሉ በአማላጅነቷ ትጠብቅ፤ ለሚያስተምሩ ትዕግሥትን፣ ለሚማሩ ማስተዋልን ከልጇ ከኢየሱስ ክርስቶስ ታሰጥልን፤ ለዘላለሙ አሜን።