ያልያዘው ብሎን

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ነበረው። ቆይ አንዳርጌ፣ ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። ከወንድምህ ጋር ሽማግሌ አስታረቃችሁ፣ መስቀል ተሳለማችሁ፣ ከአንድ ገበታ በላችሁ። ሽማግሌዎቹ «የቀረ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁህ «የለም» ብለሃል። አሁን ደግሞ እኔ ዘንድ መጥተህ «አባ፣ አንዲት ነገር በሆዴ ቀርታለች፤ እርቅ ከወረደ በኋላ ሳላወጣት ብተዋት ምን አለበት?» ትለኛለህ። ምን እንዳለበት ልንገርህ፤ ተቀመጥ።

የገበሬው ጠመንጃ ብረቱ ደህና ነበር፤ እንጨቱ ግን ሰደፉ አካባቢ ተሰንጥቋል። ከተማ ወርዶ ለጠጋኝ መስጠት ይችል ነበር። «የአባቴን ጠመንጃ ሌላ ሰው አይፈታውም» አለና ዋንዛ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ በገዛ እጁ አዲስ እንጨት አበጀለት። ሞፈርና ቀንበር ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ ያውቃል። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ቀዳዳቸውን ልክ ቀንበር እንደሚበሳው አድርጎ በጋለ ብረት በሳው። የፊተኛው ጥሩ ያዘ። የኋለኛውን ግን እሳቱ በልቶት ኖሮ ሰፋ፤ ብሎኑ ይዞራል እንጂ አይነክስም።

አብሮት የሚኖር ታናሽ ወንድም ነበረው። ብሎኑን በጣቱ አዙሮ አየና «ጋሼ፣ ይኼ አልያዘም እኮ። አውልቀህ፣ ቀዳዳውን በእንጨት ደፍነህ እንደገና ብሳው» አለው።

ሰውዬው እንደገና ማውለቁ ሰለቸው። በታናሹ መታረሙንም አልወደደውም። ታዲያ ምን አደረገ? የበሬ ጠፍር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ብረቱንና እንጨቱን አንድ ላይ ጠመጠመባቸው። ጠፍር እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጨመድድ አንተም ታውቃለህ፤ አልጋ ጠፍረሃል። ደረቀ፣ ከብሎኑም የበለጠ ያዘ። ላዩን ቅቤ ቢያጠጣው አብለጨለጨ። በሰርግ ተኮሰበት፤ ንቅንቅ አላለም። ያየው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» አለው። ወንድሙ አንድ ቀን ደግሞ የብሎኑን ነገር ቢያነሣበት፣ «ሰው ሲያመሰግነኝ አንተን ምን ያንገበግብሃል?» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረው። ወንድሙም ከዚያ ወዲህ ዝም አለ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ አላባራ አለ። ከርከሮ በቆሎውን እየገለበጠ አስቸገረና ሁለቱ ወንድማማቾች አመሻሽ ላይ ማሳ ሊጠብቁ ወጡ። ታናሹ ከታች በኩል ዱላ ይዞ ያባርራል፤ ታላቁ ከላይ ጠመንጃውን ይዞ ይጠብቃል። ጠፍሩ ዝናቡን ጠጥቶ ላልቶ ነበር። ሰውዬው እጁ ላይ ሳይሰማው ቀርቶ ይሆን፣ ተሰምቶት ንቆት ይሆን፣ እሱ ያውቃል። ከርከሮው ብቅ አለ። ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደግፎ አነጣጠረና ምላጩን ሳበ። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ዞረ፤ አፈሙዙ ወደ ግራ ሄደ። ከርከሮው ሮጦ አመለጠ። ወንድሙ ወደቀ።

በቃሬዛ ተሸክመውት ቤት ሳይደርስ ሞተ። መንገድ ላይ የተናገረው «ጋሼ፣ አንተ ደህና ነህ?» የሚል ብቻ ነበር፤ ጠመንጃው ወንድሙ ላይ የፈነዳ መስሎት።

በቀብሩ ዕለት እንደ አገሩ ወግ ለጎልማሳ ሰው ጥይት ይተኮሳል። ጠመንጃ ያነገተው ብዙ ነበር፤ የተኮሰ ግን አልነበረም። ማንም አልከለከላቸውም፤ ጨንቋቸው ነው። እናትየው ደም እንዳትጠይቅ ገዳዩም ልጇ ነው። ለዚያኛው እያለቀሰች ለዚህኛው እራት ታቀርብ ነበር። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር አንጀቴን የሚበላኝ ያ እራት ነው። ሰውዬው ጠፍሩን በቢላ በጠሰው። የኋለኛውን ብሎን ለመፍታት ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገውም፤ ጠመንጃውን ዘቅዘቅ ቢያደርገው በራሱ ጊዜ መዳፉ ላይ ወደቀ።

አንዳርጌ፣ ይህ ሰው ወንድሙን አይጠላም ነበር። አንተም አትጠላም፤ አውቃለሁ። ሽማግሌው፣ መስቀሉ፣ አብሮ መብላቱ መልካም ነው። ነገር ግን ያንተ ጠፍር እሱ ነው፤ ያልያዘው ብሎንህ ደግሞ ያቺ «የለም» ብለህ ያለፍሃት ነገር ናት። አሁን በጋችሁ ነው፤ ትሳሳቃላችሁ፣ ትገባበዛላችሁ፣ ያያችሁ ሁሉ ያመሰግናችኋል። አንድ ቀን በድንበር ወይም በልጆች ነገር ዝናቡ ይመጣል። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ላይ አነጣጥረህ እሱን ትመታዋለህ። ሳትፈልግ ትመታዋለህ።

የተሠራውን እንደገና ማፍረስ ከባድ ነው፤ ይገባኛል። ግን ተነሥና ሂድ። ሽማግሌዎቹን እንደገና ሰብስብና «ዋሽቻችሁ ነበር፤ የቀረ አለ» በላቸው። ይታዘቡህ። ወንድምህም ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ! የሚቆጣው እኮ በሕይወት ስላለ ነው።